ፍልሚያው ሳይጀመር የሚጎዳን «ኪሎ ማውረድ»

ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ደም ግፊትም አላወራም። ስለ ፍልሚያ ነው የማወራው። ረዘም ይላል፤ ግን ቦክስ ወይም ኪክቦክሲንግ የሚሠራ ልጅ፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር፤ እኔም ተመልካች ነኝ። አሜሪካ ቅዳሜ ማታ ሲሆን እዚህ አርባ ምንጭ እሁድ ሊነጋጋ ነው። የዩ ኤፍ ሲ ትልልቆቹ ፍልሚያዎች ሲደርሱ ገና ወፍ አልተንጫጫም፤ የስልኬን ድምፅ ቀንሼ አልጋ ላይ ሆኜ አያለሁ። «ሐኪም ሆነህ ሰው ሲደባደብ ታያለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አያለሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስፖርቱን የሚጠላ ሰው እንደጻፈው አትቁጠሩት።

ሰሞኑን በየሻይ ቤቱም በየባጃጁም የኤም ኤም ኤ ወሬ ደርቷል። ሰኔ 7 ቀን 2018 ዓ.ም. በዋይት ሐውስ ግቢ እንዲካሄድ ስለተቀጠረው ፍልሚያ፣ ማን ከማን ይገጥማል እያሉ የሚከራከሩ ልጆች ከሲቀላ እስከ ሴቻ ሞልተዋል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያለፉትን ወራት ዜናዎች አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩልኝ።

ኢሊያ ቶፑሪያ የ66 ኪሎ ቻምፒዮን ነበር። ቀበቶውን ትቶ ወደ 70 ኪሎ ወጣና ሰኔ 2017 ላይ ቻርልስ ኦሊቬራን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ኢስላም ማካቼቭ የ70 ኪሎ ቀበቶውን ለቅቆ ወደ 77 ወጣ፤ ኅዳር 2018 ኒውዮርክ ላይ ጃክ ዴላ ማዳሌናን በነጥብ አሸንፎ ሁለተኛ ቀበቶ ያዘ። ካምዛት ቺማየቭ ደግሞ ነሐሴ 2017 ቺካጎ ላይ የደቡብ አፍሪካውን ድሪከስ ዱ ፕሌሲን አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ አስተኝቶት የ84 ኪሎ ቻምፒዮን ሆነ።

የቺማየቭን ታሪክ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሰው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ላስ ቬጋስ ውስጥ ከኔት ዲያዝ ጋር በ77 ኪሎ ሊገጥም ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ከተፈቀደው ወደ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ በልጦ ተገኘ። ሰውነቱ እምቢ ሲል ሐኪም እንዲያቆም እንደነገረው ተዘገበ። የዚያ ቀን ዋና ፍልሚያ ተሰረዘ፣ ተጋጣሚዎች ተቀያየሩ፣ ሰዉም ሰደበው። እንግዲህ በ77 ሚዛን ላይ የተዋረደው ሰው ነው ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ84 ቀበቶ የታጠቀው!

ሦስቱም ወደ ላይ ወጡ እንጂ ወደ ታች አልወረዱም። እርግጥ አሁንም ከሚዛን በፊት ኪሎ ይቀንሳሉ፣ ከዚያ ነፃ የወጣ ብዙ የለም። ግን ሰውነታቸው የማይችለውን ኪሎ ትተው የሚችለውን መረጡ። እኛ ጋ ያሉት ልጆች ከስልካቸው የቀዱት ግን ይህንን አይደለም። የቀዱት ላቡን ነው።

የካቲት ላይ ነው፤ የአርባ ምንጭን የካቲት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አስፋልቱ ራሱ የሚያተኩስበት ወር። የ21 ዓመት ልጅ እናቱና ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አመጡልኝ። ታፋው ተሳስሯል፣ መቆም አይችልም፣ ያስታውከዋል። ሽንቱን አይተን ደነገጥን፤ ኮካ ኮላ ነው የሚመስለው። እዚህ አገር ትኩሳትና ጥቁር ሽንት ያለው ሰው ሲመጣ የሐኪም ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወባ ነው። ደሙ ታየ፣ ወባ የለም። የኩላሊት ምርመራው ግን ከልክ በላይ ከፍ ብሎ መጣ።

ጓደኞቹን ወደ ጎን ጠርቼ ጠየቅኋቸው። አንደኛው መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ልጁ ኪክቦክሲንግ ይሠራል፤ እሁድ ትንሽ ውድድር አለችው። 67 ኪሎ ይመዝናል፣ የተመዘገበው ግን በ63 ነው። ስለዚህ ለሁለት ቀን ውሃ አልጠጣም። እኩለ ቀን ላይ ከውስጥ ፌስታል፣ ከላይ ሁለት ጃኬት ለብሶ ሮጠ። አልወርድ ሲለው ከመድኃኒት ቤት የሽንት ክኒን፣ ላሲክስ፣ ገዝቶ ዋጠ። ማን እንዳስተማረው ስጠይቅ «ቪዲዮ አይተን ነው ዶክተር» አለኝ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህ ልጅ አርባ ምንጭ አላደገም። ከጨንቻ የወረደ ገና አሥር ቀኑ ነው። ጨንቻ ከ2,500 ሜትር በላይ ነች፣ ብርድና ጉም ያለባት። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመኪና ሁለት ሰዓት እንኳን የማይሞላ መንገድ ነው፣ ለሰውነት ግን ሌላ አገር ማለት ነው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ላብ ቀደም ብሎ መውጣትና ጨው መቆጠብ ይለማመዳል፣ የደም ፈሳሹም ይጨምራል። ልጁ ይህን ሳይጨርስ ነው በፌስታል ተጠቅልሎ የሮጠው። ከደጋ ወደ ቆላ ለውድድር የምትወርዱ ልጆች ይህችን ነጥብ ያዙልኝ።

በሰውነቱ ውስጥ ምን ተፈጠረ? ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። ፌስታሉ መትነኑን ይከለክላል፤ ላቡ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ግን ውስጥ ይቀራል። ውሃ ስላልጠጣ ደሙ ይወፍራል፣ ልብ ያንን ወፍራም ደም ለመግፋት ይፈጥናል። ጡንቻ በሙቀትና በድካም ሲጎዳ ይፈርሳል። ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ቀይ ፕሮቲን በደም አድርጎ ኩላሊት ውስጥ ይገባና ማጣሪያውን ይዘጋዋል፣ ሽንቱን ያጠቆረውም እሱ ነው። ሐኪሞች ራብዶማዮላይሲስ እንለዋለን። የሽንት ክኒኑ ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም የሚያወጣው፣ የልብ ምትን የሚያስተካክሉትን ፖታሲየምና ሌሎች ጨዎች አብሮ ያጥባል። ልብ በድንገት የሚቆመው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ይህ ልጅ ዕድለኛ ነበር። ቀንና ሌሊት ፈሳሽ ሰጠነው፣ ሽንቱን በሰዓት እየለካን ጠበቅን፤ በአራተኛው ቀን ሽንቱ ጠራ፣ ኩላሊቱም ቀስ እያለ ተመለሰ። ዲያሊሲስ ሳያስፈልገው ቀረ። እናቱ እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ «ኧረ እናቴ፣ ይነሱ! እሱን ይገሥጹልኝ እንጂ» አልኳቸው።

ያልተረፉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በ33 ቀናት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ፤ ሦስቱም ላብ የማያስወጣ ልብስ ለብሰው በሙቀት ውስጥ እየሠሩ ኪሎ ለማውረድ ሲሞክሩ። ከዚያ በኋላ ነው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ የላስቲክ ልብስና ሳውና የከለከለው፣ ሚዛኑንም ወደ ውድድሩ ሰዓት ያስጠጋው። በ2013 ብራዚላዊው ሊያንድሮ ሱዛ ሚዛን ላይ ሳይደርስ ሞተ። በታኅሣሥ 2015 የ21 ዓመቱ ቻይናዊ ያንግ ጂያን ቢንግ ማኒላ ውስጥ ኪሎ ሲያወርድ ወድቆ አልተነሳም። አዘጋጁ ዋን ቻምፒየንሺፕ ከዚያ በኋላ ውሃ በማድረቅ ኪሎ ማውረድን አግዶ የተፋላሚዎቹን ሽንት መመርመር ጀመረ። እንዲያውም ካቢብ፣ ያ የማይሸነፈው ካቢብ ኑርማጎሜዶቭ፣ በመጋቢት 2017 ኪሎ ሲያወርድ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ከቶኒ ፈርጉሰን ጋር የነበረው ፍልሚያ ተሰርዟል። ቀለበት ውስጥ ማንም ያልጣለውን ሰው ሚዛን ጣለው።

አሁን ዋናው ቅሬታዬ ጋ ደረስኩ። እኛ የቀዳነው ግማሹን ነው። በቪዲዮው የሚታየው ሰውየው በፎጣ ተጠቅልሎ ሲያልበው፣ ጉንጩ ገብቶ ሚዛን ላይ ሲወጣና ሲጨበጨብለት ነው። የማይታየው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ የዩ ኤፍ ሲ ተፋላሚ የሚመዘነው ከፍልሚያው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ከሚዛን ከወረደ በኋላ ከ24 ሰዓት በላይ አለው፤ በምግብ ባለሙያ ተመጥኖ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ጎኑ ሰው አለ፣ ሐኪም አለ። እንዲህም ሆኖ ይወድቃሉ። የእኛ ልጅ ጠዋት ተመዝኖ ከሰዓት ይገጥማል። በመሐል ያለው ጊዜ አንድ ሊትር ውሃና ሁለት ሙዝ ብቻ ነው። የደረቀ ሰውነቱን ይዞ ነው ለቡጢ የሚቀርበው፤ የደረቀ ሰው ደግሞ ቶሎ ይደክማል፣ እጁ ይወርዳል፣ ፊቱ ክፍት ይሆናል። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ውሃ መጉደል ብቻውን፣ ለ67 ኪሎ ሰው 1.3 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፣ አቅምን መቀነስ ይጀምራል። ይህ ልጅ 4 ኪሎ ነው ሊያወርድ የነበረው። (አራት ኪሎ ስል ሰፈሩን አይደለም!)

ታዲያ ምን ተረፈው? «ከቀላል ሰው ጋር እገጥማለሁ» ብሎ ነው የወረደው። ግን ተጋጣሚውም ያንኑ ቪዲዮ አይቶ እንዲሁ ወርዷል። ሁለት ደረቅ ሰዎች ይገናኛሉ ማለት ነው፤ ከጉዳቱ በቀር አንዳቸውም ያተረፉት የለም።

«ግሉኮስ አድርጉልኝና ልግጠም» የሚሉም አሉ። ለዚህ አልተባበርም። ዩ ኤፍ ሲም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2015 ያለ ሕክምና ምክንያት በደም ሥር ፈሳሽ መውሰድን ከልክሎ ነበር። ጓንቱ ስር የመርፌ ቀዳዳ ይዞ መግጠም ጀግንነት አይደለም።

ልጁ ሊወጣ ሲል ያለኝን ላንሳ። «ዶክተር፣ ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን ተመዝግቤ ማቋረጥ ነውር ነው» አለኝ። እኔ የተናደድኩት እዚህ ጋ ነው። አልኩት፦ «አንተ የጋሞ ልጅ አይደለህ? መስከረም 2011 ላይ በዚህ ከተማ ወጣቱ በቁጣ ሲወጣ፣ አባቶችህ እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው አላስቆሙም? ያንን ሁሉ ሕዝብ ማስቆም ነውር ካልሆነ አንተ ሩጫህን ማቆምህ ምኑ ነው ነውር?» ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ሳቀ። ጥፋቱን ሁሉ ግን በእሱ ላይ አልጭንም። አጠገቡ «በቃ፣ 67 ላይ ግጠም» የሚል አንድ ትልቅ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ኪሎህን የምታውቀው ውሃ ጠጥተህ፣ በልተህ፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰህ ስትመዘን ነው። በሚቀርብህ ክፍል ተመዝገብ። መቀነስ ካለብህ ከወራት በፊት ጀምር፣ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ፣ ከምግብ እንጂ ከውሃ አይደለም፦ ለስላሳውን፣ ጥብሱን፣ የማታ ዳቦውን ቀንስ፤ ዓሣውን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን አትተው። ሽንትህ እንደ ሎሚ ጭማቂ የነጣ ከሆነ ደህና ነህ፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ ልምምዱን አቁምና ወደ ጤና ተቋም ሂድ፣ ነገ አትበል። ላሲክስ የልብና የኩላሊት ሕመምተኛ መድኃኒት ነው። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችም፣ እባካችሁ፣ ጡንቻው የፈረጠመ ጤነኛ ጎረምሳ መጥቶ ያለ ወረቀት ሲጠይቃችሁ ለምን እንደፈለገው አንድ ጊዜ ጠይቁት።

በልምምድ ላይ ሰው ከተዘረረና ሰውነቱ እሳት ከሆነ፣ በተለይ ከቀባጠረ ወይም ከተወላገደ፣ በሙቀት ተመትቷል ማለት ነው። ጥላ ስር አስገቡት፣ ፌስታሉንና ጃኬቱን ቅደዱለት፣ መላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ፣ አራግቡለት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ እያቀዘቀዛችሁ ደግሞ መኪና መጥራት። ራሱን ከሳተ በአፉ ውሃ አትጨምሩ፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

አሰልጣኞች ደግሞ ልጆቻችሁን በየሳምንቱ መዝኑና ደብተር ላይ ጻፉ። በሳምንት ከክብደቱ 1.5 በመቶ በላይ የወረደ ልጅ ስብ አይደለም የቀነሰው፣ ውሃ ነው፤ በዚያ ኪሎ አታስመዝግቡት። የአሜሪካ ኮሌጆች ከሦስቱ ልጆች ሞት በኋላ የያዙት መስመር ይኸው ነው፤ ለእኛም የሚያስፈልገው አንድ ሚዛንና አንድ ደብተር ብቻ ነው።

ልጁ ባለፈው ሳምንት ለቁጥጥር መጥቶ ነበር። ኩላሊቱ ደህና ነው። ወደ ልምምድ እንዲመለስ የፈቀድኩለት ቀስ እያለ ነው፣ ጠዋት ከፀሐይ በፊት፣ ያለ ፌስታል። 68 ኪሎ ገብቷል። «ዶክተር፣ 71 ላይ ብመዘገብስ?» አለኝ። አሰልጣኝህን ይዘኸው ና አልኩት፤ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሌሎች አሰልጣኞችም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሚዛን ከሌላችሁ የእኔን ይዤ ልምምድ ቦታችሁ ድረስ እመጣለሁ።