ዜግነትና የፍትሕ ሥርዓት፦ መጻተኛው የሚጠየቀውን ባለአገሩ ለምን አይጠየቅም?

እንደሚታወቀው ሁሉ ዜግነት በአንድ ሰውና በአንድ መንግሥት መካከል ያለ የሕግ ትስስር ነው። ይሁን እንጂ ትስስሩ በመታወቂያና በፓስፖርት ብቻ አይገለጽም። አንድ ሰው የአገሩ ዜጋ መሆኑ በተግባር የሚፈተነው መብቱ ሲነካ፣ ንብረቱ ሲወሰድ ወይም በወንጀል ሲጠረጠር ነው። በዚያን ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚጠይቅና ምን ለመጠየቅ መብት እንዳለው ካላወቀ፣ ዜግነቱ በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ በኑሮው ላይ ግን ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ የአገርን የፍትሕ ሥርዓት ማወቅ ለዳኛና ለጠበቃ ብቻ የሚተው ሙያ ሳይሆን ከዜግነት ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ መሆኑን የቀበሌ ነዋሪውም ሆነ ሠራተኛው ሊገነዘበው ይገባል።

ጉዳዩን በሚገባ ለመረዳት በቅድሚያ ሌሎች አገሮች አዲስ ዜጋ ሲቀበሉ ምን እንደሚጠይቁ መመልከት ይጠቅማል። በካናዳ ዕድሜው ከ18 እስከ 54 ዓመት የሆነ የዜግነት አመልካች 20 ጥያቄዎች ቀርበውለት ቢያንስ 15ቱን በትክክል መመለስ አለበት። መንግሥት ለአመልካቾች ባዘጋጀው የማጥኛ መጽሐፍ ውስጥ የፍትሕ ሥርዓት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ተሰጥቶታል፤ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ማንም ሰው ንጹሕ ሆኖ እንደሚቆጠር፣ የፍርድ ቤቶችና የፖሊስ ተግባር ምን እንደሆነ ያስተምራል። በአሜሪካም ከጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ያመለከተ ሰው ከተዘጋጁት 128 ጥያቄዎች መካከል 20 ተጠይቆ 12ቱን መመለስ ይጠበቅበታል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ከ100 ጥያቄዎች 10 ተጠይቆ 6ቱን መመለስ ነበር። ከጥያቄዎቹ መካከል የሕግ የበላይነት ምን ማለት እንደሆነና ከሁሉ የሚበልጠው ፍርድ ቤት የትኛው እንደሆነ የሚሉት ይገኙባቸዋል።

በነዚህ አገሮች የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ከሥራ መልስ እንቅልፋቸውን ቀንሰው ይህንኑ አጥንተዋል። እርግጥ ነው፣ ፈተና ማለፍ ብቻውን ፍትሕን አያስገኝም፤ በቃል የተያዘ መልስም ከፈተናው ማግስት ሊረሳ ይችላል። ሆኖም ከዚህ አሠራር አንድ ቁም ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም አገሩ መጻተኛውን «ዜጋ ከመሆንህ በፊት የምትዳኝበትን ሥርዓት ዕወቅ» እያለው መሆኑ ነው።

የእኛ አገር ሕግስ ምን ይላል? ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ለመሆን የሚፈልግ የውጭ ሰው ቢያንስ 5 ዓመት በአገሪቱ እንዲኖር፣ አማርኛን አጥርቶ እንዲያውቅና በወንጀል ያልተቀጣ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ይህን ሕግ የተካው የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ የነዋሪነቱን ጊዜ ቢያንስ 4 ዓመት አድርጎ፣ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻልን፣ በቂና ሕጋዊ ገቢን፣ መልካም ጠባይን፣ ከወንጀል ቅጣት ነፃ መሆንንና የመሳሰሉትን በመመዘኛነት ይዘረዝራል። በመጨረሻም አመልካቹ ለአገሪቱ ታማኝ ለመሆንና ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ ለመሆን ቃለ መሐላ ይፈጽማል። በአዋጁ ከተዘረዘሩት መመዘኛዎች መካከል ግን ስለ ፍትሕ ሥርዓት የሚሰጥ ፈተና የለም።

በኢትዮጵያ ምድር ተወልዶ ያደገው ባለአገርማ መሐላም አይጠየቅም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 መሠረት ከወላጆቹ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። ዜግነቱን ያገኘው ከእናት ከአባቱ እንጂ በጥናት አይደለም። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ግን ማንኛውም ዜጋ ሕገ መንግሥቱን የማስከበርና ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ የመሆን ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። የማያውቁትን ማስከበር አይቻልም። እንግዲህ ባለአገሩ መጻተኛው ከሚፈተንበት ትምህርት ነፃ የወጣ ቢመስለውም፣ ከፈተናው ግን ነፃ አልወጣም፤ ፈተናው ሳይዘጋጅ በድንገት ይመጣበታልና።

ይህ ፈተና የት እንደሚገጥም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጣና ዳር የምትገኘው ባሕር ዳር የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም የሕግ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አለው። በከተማይቱ ዳርቻ ያለችው ሰባታሚት ደግሞ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ስሟ ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። በሌላ አነጋገር የሕግ ትምህርቱም፣ የመጨረሻው የክልል ፍርድም፣ የፍርዱ መፈጸሚያም በአንዲት ከተማ ዙሪያ ተሰብስበው ይገኛሉ። ነገር ግን ስንቅ ቋጥሮ ወደ ሰባታሚት የሚሄድ ቤተሰብ በነዚህ ሦስት ተቋማት መካከል ያለውን መንገድ ያውቀዋልን?

ይህ ቤተሰብ ሊመልሳቸው የሚገባ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው «በማን ትእዛዝ?» የሚል ነው። ፖሊስ ይመረምራል፤ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፤ ፍርድ ቤት ይወስናል፤ ማረሚያ ቤት የተወሰነውን ይፈጽማል። አራቱ ተግባራት የተለያዩ ናቸው። ፖሊስ ፈራጅ አይደለም፤ ማረሚያ ቤትም የቅጣት ዘመን ለመጨመር ሥልጣን የለውም። ሁለተኛው ጥያቄ «ጉዳዩ በምን ደረጃ ላይ ነው?» የሚል ነው። የተጠረጠረ፣ የተከሰሰና የተፈረደበት ሰው አንድ አይደሉም። ሦስተኛው ጥያቄ «እስከ መቼ?» የሚለው ሲሆን፣ ሕጉ ለዚህ ቁርጥ ያሉ ልኮችን አስቀምጧል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ የሚሰጥ አንድ ጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክሱን በጽሑፍ የማግኘት፣ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቆጠርና ይግባኝ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነም ጠበቃ በመንግሥት ወጪ እንዲቆምለት ያዛል። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለም ሆነ የተፈረደበት ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዶቹ፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት እንዳለው ይገልጻል። ስንቅ አቀባዩ ቤተሰብ ወደ ደጃፉ የሚሄደው በልመና ሳይሆን በመብት ነው ማለት ነው። ሰው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ተይዞ ቢቆይም በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አካልን ነፃ ለማውጣት አቤቱታ የሚቀርብበት መንገድ ተቀምጧል፤ አቤቱታውንም ስለ ታሰረው ሰው ሆኖ ሌላ ሰው ሊያቀርብ ይችላል።

ለምን ይሆን ታዲያ ይህ ዕውቀት በሕዝቡ ዘንድ ያልሠረጸው? ሕዝባችን ለክርክር እንግዳ ስለሆነ አይደለም። በተጠየቅ ሲሟገት፣ «በሕግ አምላክ» ብሎ ጠበኛን ሲያስቆም፣ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብሎ ሲተርት የኖረ ሕዝብ ነው። ጉድለቱ ሌላ ነበር፤ ይኸውም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚለው አባባል እንደሚታየው፣ ፍትሕ ከላይ የሚወርድ ችሮታ እንጂ ገዥውንም ጭምር የሚያስር ሥርዓት ሆኖ አለመታየቱ ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅና በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አማካይነት የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት የራሳቸውን የፍርድ ሸንጎ አቋቋሙ። ዳኝነት በዚህ ረገድ ወደ ደጃፍ ቀረበ፤ የድንበርና የኪራይ ክርክር የሩቅ ችሎት ሳያስፈልገው በሠፈር ሰው ይታይ ጀመር። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ በነዚያው ቀበሌዎች ብዙ ሰው ያለ ፍርድ ታሰረ፣ ተገደለም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዳኝነት ለሕዝብ መቅረቡ መልካም ሆኖ ሳለ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። ዳኛው ከታጠቀው ኃይል ነፃ ካልሆነና ይግባኝ ከሌለ፣ ቅርበቱ ራሱ የጥቃት መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

የዚያ ዘመን አድራጎትም በበኩሉ ለፍርድ ቀርቧል። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው ክርክር ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በሌሉበት የተከሰሱትን የቀድሞውን ርዕሰ ብሔር ጥፋተኛ በማለት ወሰነ። «አይከሰስ» የተባለው ተከሰሰ። ሆኖም ውሳኔው 12 ዓመት ያህል መፍጀቱ ፍትሕ ለተጎጂም ለተከሳሽም በጊዜ መድረስ እንዳለበት የሚያስታውስ ነው።

ይህ ሁሉ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በተወካዮች ምክር ቤት ለ6 ወራት ጸድቆ በኋላም ለ4 ወራት ተራዘመ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ። የማይታገዱም አሉ፤ ከነዚህም አንዱ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ አያያዝ የመጠበቅ መብት ነው። ከዚህም ሌላ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋምና በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያዝዛል። ልጁ የት እንዳለ ያላወቀ አባት «ስሙ ይነገረኝ» ሲል የሕገ መንግሥት መብት እየጠየቀ እንጂ ዐመፅ እያነሣሣ አለመሆኑን፣ ጠያቂውም ተጠያቂውም ማወቅ አለባቸው።

አንዳንድ ሰዎች «ሕጉን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ፍርድ ቤት በዋስ ይለቀቅ ያለውን ፖሊስ የማይለቅ ከሆነ ዕውቀት ምን ይፈይዳል?» ይላሉ። ጥያቄው መሠረት የሌለው አይደለም፤ የፍርድ ቤት የዋስትና ትእዛዝ ሳይፈጸም መቅረቱን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ በተለያዩ ጊዜያት አመልክቷል። መልሱ ግን ከዕውቀት መሸሽ አይደለም። ትእዛዝ መጣሱን ለመናገር ትእዛዙን ማወቅ፣ መዝገብ ቁጥሩንና ቀኑን መያዝ ያስፈልጋል። ቀንና ቁጥር የያዘ አቤቱታ ውሎ አድሮም ቢሆን አንድ ቦታ ይደርሳል፤ በጩኸት ብቻ የቀረ በደል ግን ከተጮኸበት ቀን አያልፍም።

ሠራተኛውም ቢሆን ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ያላግባብ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ ይሻላል» እያለ አሠሪውን በተስፋ ሲጠብቅ የቆየ ሠራተኛ፣ እውነቱ ከእርሱ ጋር ሆኖ ሳለ ክርክሩን በቀን መቁጠሪያ ይሸነፋል። በፍትሐ ብሔር ክርክርም ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ይህን አለማወቅ ያለውን ሰው ብዙም አይጎዳም፤ ጠበቃው ያውቅለታልና። የሚጎዳው የዕለት ጉርሱን ለማግኘት የሚሮጠው ነው።

በመሆኑም የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት ይህን ትምህርት የራሳቸው ሥራ ሊያደርጉት ይገባል። ዕድር ለቀብር ድንኳን እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፣ አባሉ ሲታሰር ወይም ሲሰናበት የሚከተለውን ደረጃ የሚያውቁ ሁለትና ሦስት ሰዎች ሊያዘጋጅ ይችላል። የሠራተኛ ማኅበር የ3 ወሩንና የ6 ወሩን ልክ በሥራው ቦታ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይሳነውም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ማኅበራቱ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ለአባሎቻቸው ማመልከት ይችላሉ። በየስብሰባው ሩብ ሰዓት ተመድቦ አንድ አንቀጽ ቢነበብና በኑሮ ምሳሌ ቢብራራ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ሁሉም አባል ቢያንስ የራሱን መብትና የጊዜ ልክ ያውቃል።

በቶሮንቶ ወይም በዋሽንግተን የሚኖረው ወገናችን የሰው አገር ዜጋ ለመሆን የዚያን አገር የፍርድ ሥርዓት ማጥናት ግድ ሆኖበታል። በአገሩ የሚኖረው ዜጋ የገዛ አገሩን ሥርዓት ሳያውቅ ቢቀር ከዜግነት የሚያግደው ፈታኝ የለም። በሰባታሚት ደጃፍ፣ በሥራ ክርክር ችሎትና በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግን ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል። አጥንቶ ለሚቀርብ ዜጋ ሕግ ጋሻ ነው፤ ሳያጠና የሚቀርብ ግን ጋሻውን ሌላ ሰው ይዞለት ይገኛል።