ብርሃን የሚያጠቁረው ቀይ ድንጋይ

በብዙ ቤት ከሣጥን ግርጌ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ አንድ የብር ነገር አይጠፋም። የአያት የአንገት መስቀል ይሆናል፤ የእናት ጉትቻ ይሆናል፤ ወይም ከቀድሞ ዘመን የተረፈ አንድ ጠገራ ብር ይሆናል። ለበዓል ቀን ከሣጥኑ ሲወጣ ጠቁሮ ይገኛል፤ ልጆችም «እማማ፤ ብር ነጭ አልነበረምን? ስለ ምን ጠቆረ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የተነሣ ሰው መንገዱ ከቤቱ ርቆ ወደ ምድር ሆድ ይወስደዋል፤ በዚያም ብር ከድኝና ከአርሴኒክ ጋር ተዋሕዶ እንደ ደም ቀልቶ ከሚገኝበት ከአንድ ድንቅ ድንጋይ ያደርሰዋል። በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለዚሁ ድንጋይ ነው። በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የድንጋዩ ስም ፕሩስታይት ይባላል። ማዕድን ቈፋሪዎች ግን ሊቃውንት ይህን ስም ሳያወጡለት ገና ጥንት «ቀይ ብር» ይሉት ነበር፤ ሩቢ የተባለውን ቀይ ዕንቁ ስለሚመስልም «ሩቢ ብር» የሚሉት አሉ። ይሁን እንጂ ከሩቢ ጋር ያለው ዝምድና የመልክ ብቻ ነው። ሩቢ ከአልማዝ ቀጥሎ እጅግ ጽኑ ከሆኑት ድንጋዮች አንዱ ሲሆን፤ ፕሩስታይት ግን ከ1 እስከ 10 በሚቈጠረው የጽናት መለኪያ ከ2 እስከ 2 ተኩል ብቻ ይደርሳል። የጣታችን ጥፍር ጽናትም ከዚሁ ደረጃ ስለማይርቅ፤ ድንጋዩ በግድየለሽ እጅ ሊጫር ይችላል። ክብደቱ ግን ያስደንቃል፤ በስፍር ልክ ከውሃ ጋር ቢመዘን አምስት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል። ተራው ድንጋይ ከውሃ የሚከብደው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ መሆኑን ላሰበ ሰው፤ በዚህ ትንሽ ቀይ ድንጋይ ውስጥ ብረታ ብረት መኖሩ ወዲያው ይገለጥለታል።

በእርግጥም አለ። ንጹሕ ከሆነ ፕሩስታይት 100 ግራም ብንወስድ፤ 65 ግራም ተኩል ያህሉ ብር፤ 15 ግራም ያህሉ አርሴኒክ፤ 19 ግራም ተኩል ያህሉ ደግሞ ድኝ ነው። ብር ለብቻው ነጭ ነው፤ አርሴኒክ ለብቻው ግራጫ ነው፤ ድኝ ለብቻው ቢጫ ነው። ሦስቱ በተዋሐዱ ጊዜ ግን ከሦስቱ በአንዱም ዘንድ ያልነበረ ቀይ መልክ ይወጣል። ብረትና ድኝ እንደ አርሴኒክ ካለ ከፊል ብረት ጋር የሚዋሐዱባቸው እንዲህ ያሉ ማዕድናት በሊቃውንት ዘንድ «የድኝ ጨዎች» ተብለው ይጠራሉ፤ ጨው መባላቸው ስለ አሠራራቸው ነው እንጂ፤ ለወጥ የሚሆኑ ሆነው አይደለም። አርሴኒክ ብርቱ መርዝ መሆኑንም እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ፕሩስታይት አንዲት እኅት አለችው፤ ስሟም ፓይራርጂራይት ነው። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «እሳት» እና «ብር» ከሚሉት ቃላት የተሠራ ነው። በእርሷ ውስጥ የአርሴኒክን ስፍራ የያዘው አንቲሞን ነው፤ ይህም በጥንት ዘመን ለዓይን ኩል ይሆን ከነበረው ድንጋይ የሚገኝ ነገር ነው። እኅትማማቾቹ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ስም ይጠራል፤ ነገር ግን ቀላል መለያ አለ። ድንጋዩ ባልተለበጠ ነጭ ሸክላ ላይ ሲፈተግ፤ ፕሩስታይት ደማቅ ቀይ ዱቄት ይተዋል፤ ፓይራርጂራይት ግን ወደ ወይን ጠጅ የሚያዘነብል የጠቈረ ቀይ ይተዋል።

እነዚህን ሁለቱን በትክክል ለይቶ ያሳወቀው ጆሴፍ ሉዊ ፕሩስት የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። በ1754 አንዤ በተባለች ከተማ ከመድኃኒት ቀማሚ ቤት ተወለደ፤ ብዙ ዘመንም በስጳኝ አገር ሲያስተምርና ሲመራመር ኖረ። ስሙን ያስጠራው ትምህርት እንዲህ የሚል ነው፤ አንድ ውሑድ ነገር ከምድር ቢወጣም ሰው በቤተ ሙከራ ቢሠራውም፤ ንጹሕ እስከ ሆነ ድረስ፤ የተዋሐዱት ነገሮች መጠን ሁልጊዜ አንድ ነው። ቤርቶሌ የተባለ ታላቅ ሊቅ ይህን ተቃወመ፤ ሁለቱም ለዓመታት በጽሑፍ ተከራከሩ፤ ክርክራቸው ግን ከጨዋነት አልወጣም። በመጨረሻ የፕሩስት ቃል ጸና። ቀዩንም ብር በዚሁ ጥንቃቄ መርምሮ፤ አንድ ነው ይባል የነበረው ሁለት መሆኑን አስረዳ። በ1826 ዐረፈ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1832 ቤውዳን የተባለ የአገሩ ሊቅ አርሴኒክ ያለበትን ቀይ ብር ለመታሰቢያው ፕሩስታይት ብሎ ሰየመው።

ይህ ድንጋይ በምድር ውስጥ እንዴት ይሠራል? በጥልቅ ያለ የጋለ ውሃ ብርን፤ ድኝንና አርሴኒክን አሟሙቶ በዐለት ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። እየወጣም ሲበርድ የያዘውን በየተራ እያራገፈ ይሄዳል። ቀዩ ብር በአብዛኛው ወደ መጨረሻው፤ ውሃው በበረደ ጊዜ ከሚቀመጡት አንዱ ነው። ስለዚህ በስንጥቁ ውስጥ የቀረ ባዶ ስፍራ ሲያገኝ፤ ሾጣጣ ጫፍ ያላቸው ቀያይ ዘንጎች ሆኖ ይበቅላል፤ ጎረቤቶቹም ካልሳይት፤ ኳርትዝ፤ የእርሳስ ማዕድንና አንዳንድ ጊዜ እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ ንጹሕ ብር ናቸው። በጀርመን አገር በሳክሶኒ ተራሮች፤ በቦሄሚያ፤ በካናዳ ኮባልት በምትባል ከተማ፤ በሞሮኮ በኢሚተር፤ ከሁሉም ይልቅ በቺሌ ተገኝቷል። ጥቃቅኑ በብዙ የብር ጕድጓድ ይገኛል፤ ጥርት ብሎ ያደገው ግን ብርቅ ነው።

የቦሄሚያው ስፍራ ለእኛ ቤት የሚነግረን አለ። ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ያለችው የያኺሞቭ ከተማ በጀርመንኛ ዮአኪምስታል ትባላለች፤ ትርጓሜው «የኢያቄም ሸለቆ» ነው፤ የተሰየመችውም በእመቤታችን አባት በቅዱስ ኢያቄም ስም ነው። በ1516 ብር ስለ ተገኘባት ሕዝብ ጎረፈባት፤ የአገሩ መሳፍንትም ከ1520 ገደማ ጀምረው የቅዱሱን ሥዕል ያተሙበት ትልቅ የብር ገንዘብ አወጡ። ገንዘቡ «ዮአኪምስታለር» ተባለ፤ ሲያጥር «ታለር» ሆነ፤ «ዶላር» የሚለውም ስም ከዚሁ የወጣ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በኦስትርያ የንግሥት ማርያ ቴሬዛ ታለር ተመታ። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እንደ ተጻፈበት መታተሙ ቀጠለ፤ በቀይ ባሕር በኩልም ወደ አገራችን ገብቶ ጠገራ ብር ተባለ። ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን 23 ግራም የሚበልጠው ንጹሕ ብር ነበር። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ከገበያ እየራቀ ሄደ፤ እስከዚያው ግን የብር አንጥረኞች እያቀለጡት ስንት መስቀልና ስንት ጌጥ ሠሩበት! ጠገራው የተመታው ከኢያቄም ሸለቆ ብር ነው ማለታችን አይደለም፤ ስሙን የወረሰው ግን ከዚያ ነው።

ያ ብር ያለ ዋጋ አልወጣም። በ1527 ጆርጂዮስ አግሪኮላ የተባለ ሐኪም በዚያች ከተማ ተቀጥሮ ማዕድን ቈፋሪዎችን ማከም ጀመረ። በሙያቸው እየተደነቀ ሥራቸውን ሁሉ ጻፈ፤ በ1555 ከሞተ በኋላ በማግሥቱ ዓመት የታተመው መጽሐፉም ለብዙ ዘመን የሙያው መምህር ሆነ። ግን ሐኪም ነበርና ሳላቸውንም ሰማ። የዐለቱ ትቢያ ሳንባን እንደሚበላ፤ በካርፓትያ ተራሮች ባሉ የማዕድን ስፍራዎችም እስከ ሰባት ባል ያገቡ ሴቶች እንደ ነበሩ፤ ባሎቻቸውን ሁሉ ይህ ደዌ እንደ ወሰደባቸው መዝግቧል። በኢያቄም ሸለቆ ደግሞ ሌላ የተሰወረ ጠላት ነበረ፤ ዐለቱ ዩራኒየም ስላለበት፤ ሬዶን የተባለ የማይታይ ጋዝ ያፈልቃል፤ ይህም የሳንባ ነቀርሳ ያመጣል። ማሪ ኩሪና ባለቤቷ ፒየር በ1898 ራዲየምን ያገኙት ከዚያው ስፍራ በመጣ ጥቁር ማዕድን ነው። የብር ጌጥ በእጃችን ስንይዝ፤ እነዚያን ሰባት ጊዜ መበለት የሆኑትን ሴቶች ማሰብ ይገባናል።

ቺሌም የራሷ ታሪክ አላት። ፕሩስታይት ስሙን ባገኘበት በዚያው በ1832 ዓመት ሁዋን ጎዶይ የተባለ ድኻ ሰው ከኮፒያፖ ከተማ ደቡብ፤ በአታካማ ምድረ በዳ አጠገብ፤ ቻኛርሲዮ በተባለ ተራራ ላይ የብር ዐለት አገኘ። ከዚያ የወጣው ብር አገሩን አበለጸገ፤ በ1851ም ከኮፒያፖ እስከ ካልዴራ ወደብ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ጎዶይ ግን ድርሻውን ወዲያው ሸጦ ስለ ነበር ሀብቱ ወደ ሌሎች እጅ ገባ። በዓለም ከታወቁት ፕሩስታይቶች ሁሉ በመጠንም በውበትም የላቁት የወጡት ከዚህ ተራራ ነው፤ ለንደን ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም ከእነዚህ ይዟል። ቀዩን ድንጋይ ለብሩ ሲሉ ወደ ማቅለጫ የጣሉት ብዙዎች ነበሩና፤ ዛሬ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።

የቀሩትንም የሚያሰጋቸው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ብርሃን ነው። ፕሩስታይት ከምድር ሲወጣ ብርሃን እያሳለፈ እንደ ቀይ ብርጭቆ ያበራል፤ ውበቱ የሚታየው በብርሃን ነው። ነገር ግን ያው ብርሃን ሲደጋገምበት ፊቱ እየጠቈረ ይሄዳል፤ በመጨረሻም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ጮራ እንደ ነበረ አይመለስም። የፎቶግራፍ ፊልም ሥዕል የሚይዘው በላዩ ያለው የብር ውሑድ በብርሃን ስለሚለወጥ ነው፤ በድንጋዩም ላይ የሚሆነው ለዚህ የቀረበ ነው። ውበቱን ለእንግዳ ሊያሳይ ብሎ በመስኮት አጠገብ ያኖረው ሰው ያንኑ ውበት በእጁ ያጠፋዋል። ስለዚህ ዐዋቂ ጠባቂ በተዘጋ መሳቢያ ያኖረዋል፤ ለጥቂት ጊዜ አውጥቶ ያያል፤ መልሶም ይከድነዋል። ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮም ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ያሳደጉትን ፕሩስታይት፤ ዓይን የማያየውን ቀይ ዘመም ጨረር ለመለወጥ ተጠቅመውበታል።

አሁን ወደ ሣጥናችን እንመለስ። የመስቀሉ መጥቈር ምክንያቱ ያው ብር ለድኝ ያለው ፍቅር ነው። ከእንቁላል፤ ከሽንኩርት፤ ከሱፍ ልብስና ከጢስ የሚወጣ ጥቂት የድኝ ጋዝ ብሩን ሲነካው በላዩ ቀጭን ጥቁር ሽፋን ይሠራል። ይህ ከምድር በታች በብዙ ዘመን የሆነው ነገር በቤታችን በትንሹ ሲደገም ነው። በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ መወልወል ይበቃል፤ በአሸዋና በአመድ መፈተግ ግን ብሩን ከነጥለቱ ይበላዋል። በጥሩ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፤ ከሱፍ አርቆ፤ በደረቅ ስፍራ ማኖር ደግሞ ከመወልወል ይሻላል። ልጆችም ከሜዳ የማያውቁትን ባለቀለም ድንጋይ ቢያመጡ፤ ወደ አፋቸው እንዳያስገቡት፤ በእሳትም እንዳይፈትኑት መምከር ያሻል፤ አርሴኒክ ያለበት ድንጋይ ሲቃጠል ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጢስ ያወጣል፤ ያም ጢስ መርዝ ነው።

አያቶቻችን የፕሩስታይትን ስም አልሰሙም፤ የሚወዱትን ጌጥ ግን ጠቅልለው በጨለማ አኖሩ፤ የሚወጣበትንም ቀን ለይተው ዐወቁ። ልጆቻችን ይህን እንደ ስስት እንዳይቈጥሩት እንንገራቸው። ከሰው ዓይን የተከደነ ሁሉ የተረሳ አይደለም፤ እንዳይጠፋ ተብሎ የተከደነም አለ።