«ሐሙስ ሌሊት» ማለት መቼ ነው?

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ስህተት ነው። ሳቁብኝ፤ ግን አንብባችሁ ጨርሱ።

አክስቴ አሜሪካ ያለችውን ልጇን ልታርስ ልትሄድ ነው። ቪዛው ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ተገኝቷል። በሶው፣ ሽሮው፣ የገንፎ ዱቄቱ ተመዝኖ ታስሯል። ትኬቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ሐሙስ 00:20» ይላል። «ሐሙስ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከሃያ ነው» አልኳት። ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተሰብስቦ ቦሌ ደረስን። ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ በር ላይ ተሳስመን ተለያየን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሻንጣዋን እየገፋች ተመለሰች። አውሮፕላኑ የሄደው ረቡዕ ሌሊት ነበር።

«መምህር ነህ ብዬ እኮ ነው ሌላ ሰው ያልጠየቅኩት» አለችኝ። ከቅጣቱ ገንዘብ በላይ ያመመኝ ይቺ ናት።

የት ተሳሳትኩ? በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ለእኛ ግን ሐሙስ የሚባለው ሲነጋ ነው። ስለዚህ 00:20 ላይ ያለው «ሐሙስ» በእኛ አነጋገር ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ነው።

ቦሌ ላይ ይሄ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ጣቢያው ማገናኛ ነው፤ ከአፍሪካ ከተሞች ወደ ማታ የሰበሰበውን መንገደኛ ወደ አውሮፓ፣ አሜሪካና እስያ ይበትናል። ብዙዎቹ ረጅም በረራዎች የሚነሡት እንግዲህ ቀኑ በሚቀየርባት ሰዓት ዙሪያ ነው። ጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ አቅሙን በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ አድርሶታል። ሕንፃው ያምራል። በሕይወቷ አንዴ ለምትሳፈር እናት ግን ከሕንፃው በፊት የሚያስፈልጋት የሚገባት ወረቀት ነው።

አቋሜን ልንገራችሁ፦ ትኬት የሚቆርጥ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አንድ መስመር ይጨምር። «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ሌሊት 6:20። ረቡዕ ማታ 3:00 ቦሌ ይገኙ።» በቃ።

«ዓለም በአንድ ሰዓት ነው የሚሠራው፣ ሰው ይልመድ» የሚል አይጠፋም። ጣቢያው በሁለት ሰዓት ይሥራ አላልኩም። ግን እኔ ስንት ዓመት አስተምሬ ያልለመድኩትን እሷ በአንድ ሌሊት ትልመድ ማለት ፍርድ አይደለም።

እስከዚያው ሥራው የእኛ የልጆች ነው። ሰዓቱን ከነ «አጥቢያው» በእጃችሁ ጻፉላቸው። አቅመ ደካማ ከሆኑ ትኬት ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅላቸው፤ ፍተሻውንና ኢሚግሬሽኑን አልፎ ጌቱ ድረስ የሚያደርሳቸው ሰው ያገኛሉ። ደግሞ መንገዱን ንገሯቸው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ነዳጅ ሞልቶ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው መንገድ ላይ ለነዳጅ የሚያርፈው ለዚህ ነው። ካልተነገራቸው «ደረስን» ብለው ይነሣሉ።

አክስቴ በሳምንቱ ሄደች። ትኬቱን ያነበበላት የጎረቤት ልጅ ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። እኔ ሻንጣ ተሸከምኩ።