የኋላ መብራትና የመማሪያ መጽሐፋችን ሽቦ

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ በሰማይ ላይ ታየ ከተባለ ብርሃን እንደ ሆነ ይነገራል። በዛሬይቱ ደብረ ብርሃን አመሻሽ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ የሚያልፉትን ሞተር ብስክሌቶች ከኋላቸው የሚመለከት ሰው ግን የሚያየው ብርሃን ጥቂት ነው። የአንዱ የኋላ መብራት ፈጽሞ ጠፍቷል፤ የሌላው ሊዳፈን እንደ ቀረበ ፍም ደብዝዟል፤ የሦስተኛው ደግሞ በቅርቡ ከገበያ ተገዝቶ የተገጠመ ነውና ሰማያዊና ነጭ እያፈራረቀ ብልጭ ድርግም ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳስበው የደበዘዘው መሆኑን ማሳየት፣ መፍትሔውም አዲስ መብራት ከመግዛት ሳይሆን ከመለካት እንደሚጀምር መከራከር ነው።

የኋላ መብራት ከሞተር ብስክሌት ክፍሎች ሁሉ የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ባለቤቱ አያየውም። የፊት መብራት ቢጠፋ ነጂው ወዲያው ይቸገራል፣ በማግሥቱም ጋራዥ ይሄዳል። የኋላው ቢጠፋ ግን የሚቸገረው ከኋላ የሚመጣው ነው። ከከተማችን ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘውን ጣርማ በርን የሚያውቅ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አካባቢ ጉሙ መንገዱን እንዴት እንደሚውጠው የሚያውቅ ሰው ነገሩን አያቃልለውም። ያን መንገድ ጭነት የያዙ ከባድ መኪኖች ከሞተረኞች ጋር ይጋሩታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ከፊቱ ያለው ሞተር ፍሬን መያዙን አንዲት ሰከንድ ዘግይቶ ያወቀ ሾፌር እነዚያን 16 ሜትሮች ከየትም አያመጣቸውም።

ለመሆኑ መብራቱ የሚደበዝዘው ለምንድን ነው? አብዛኛው ሰው አምፖሉን ይጠረጥራል፤ ቀጥሎ ባትሪውን። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ንጹሐን ናቸው። በብዙ ሞተሮች ላይ የሚገኘው የኋላ አምፖል 12 ቮልት ሆኖ ሁለት ክር ያለው ነው፤ አንደኛው ክር ለዘወትር ብርሃን 5 ዋት፣ ሁለተኛው ለፍሬን 21 ዋት ይወስዳል። በፍሬኑ ክር ውስጥ የሚያልፈው ጅረት 1.75 አምፔር ነው፤ ይህም ማለት ክሩ በጋለ ጊዜ ያለው ተቃውሞ ወደ 7 ኦም ይጠጋል። አሁን ከባትሪው እስከ አምፖሉ ባለው መንገድ ላይ፣ በአንድ ዝገት በበላው መገጣጠሚያ፣ 1 ኦም ብቻ ተጨመረ እንበል። አምፖሉ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከ12 ወደ 10.5 ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የባለ ክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በግምት በቮልቴጁ 3.4ኛ ርቢ መጠን ነው የሚለዋወጠው። ስለዚህ ያቺ አንዲት ኦም ከብርሃኑ ሲሶ የሚበልጠውን ትወስዳለች። ሁለት ኦም ቢሆንማ ከግማሽ በላይ ይጠፋል። አምፖሉ ግን አሁንም «በርቷል»። ባለቤቱ ዞሮ አይቶ «ይሠራል» ብሎ ይሄዳል።

በመማሪያ መጽሐፎቻችን ላይ ሽቦ ማለት ቀጥ ያለ መስመር ነው። ተቃውሞው ዜሮ ነው፤ አይዝግም፣ አይላላም፣ በናስትሮ አይጠቀለልም። ተማሪው በባትሪና በአምፖል መካከል ያንን መስመር ስቦ ስሌቱን ይጨርሳል፤ መልሱም ትክክል ነው። በእውነተኛው ሞተር ላይ ግን ችግሩ ያለው መጽሐፉ ዜሮ ባለው ቦታ ነው።

ይባስ ብሎ ይህ ችግር ከተለመደው ምርመራ ይሰወራል። መካኒኩ አምፖሉን ነቅሎ በአምፖሉ ቤት ላይ መልቲሜትር ሲያሳርፍ 12 ቮልት ያነብባል። «ኮረንት አለ» ይላል። አዎን፣ አለ። መልቲሜትሩ የራሱ ተቃውሞ በሚሊዮን ኦም የሚቆጠር ስለ ሆነ የሚያሳልፈው ጅረት ከምንም አይቆጠርም፤ ጅረት ከሌለ ደግሞ በተበላሸው መገጣጠሚያ ላይ የሚጠፋ ቮልቴጅ የለም። ጉድለቱ የሚገለጠው ጭነት ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ አምፖሉ በቦታው እንዳለ፣ ሌላ ሰው ፍሬኑን ረግጦ እንደያዘ፣ የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በአምፖሉ ብረታማ አንገት ላይ ማሳረፍ ነው። ንባቡ ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ የመመለሻው መንገድ ጤነኛ ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ መሣሪያውም በማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የሚገኝ ርካሽ መልቲሜትር ነው።

በልምድ የሚታየው አብዛኛው ጉድለት በመመለሻው መንገድ ላይ ነው። በበርካታ ሞተሮች የሻንሲው ብረት ራሱ እንደ ኔጋቲቭ ሽቦ ያገለግላል፤ መብራቱ በቡሎን ከብረቱ ጋር ሲታሠር ዑደቱ ይሟላል። ከቡሎኑ ሥር ቀለም ወይም ዝገት ካለ ጅረቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም በጎረቤት አምፖል ክር በኩል ዞሮ ይመለሳል። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ የሚበራበት፣ ወይም ፍሬቻ ሲሰጥ የኋላ መብራቱ አብሮ የሚርገበገብበት ምክንያት በአመዛኙ ይህ ነው። አንዳንዶች «ሽቦው ተቀላቅሏል» ብለው የሽቦውን ጥቅል ከዳር እስከ ዳር ይፈቱታል። አንዱን ቡሎን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ይበቃ ነበር።

ወደ አዲሶቹ የኤልኢዲ መብራቶች እንምጣ። ተቃዋሚያቸው አይደለሁም። ኒክ ሆሎንያክ በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ ከሠራ ወዲህ ለኋላ መብራት ይህን ያህል የተስማማ ነገር አልተገኘም። ባለ ክር አምፖል ሙሉ ብርሃኑን እስኪሰጥ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ኤልኢዲ ግን ወዲያውኑ ይበራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይህ ልዩነት ከ3 ሜትር በላይ ነው። መንቀጥቀጥም ክሩን አይበጥስበትም፤ ክር የለውምና። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ኤልኢዲው የሚወስደው ጅረት እጅግ አነስተኛ በመሆኑ በዚያች በተበላሸች መገጣጠሚያ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም አነስተኛ ይሆናል። ስለዚህ መብራቱ ይደምቃል፤ ባለቤቱ «አምፖሉ ነበር ችግሩ» ብሎ ያምናል፤ ዝገቱ ግን እዚያው ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ መንገዱ ፈጽሞ ሲቋረጥ አዲሱም መብራት ይጠፋል፤ «የቻይና ዕቃ» ተብሎም ይሰደባል።

ሲገዛም ጥንቃቄ ያሻል። ነጭ ኤልኢዲ ከቀይ ሽፋን ኋላ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ሆኖ በላዩ ቢጫ የሚያመነጭ ቅብ ስለ ተቀባ ከቀይ ያለው ድርሻ ጥቂት ነው፤ ሽፋኑ የቀረውን ይውጠዋል። ለቀይ ሽፋን ቀይ ኤልኢዲ ነው የሚገባው። የፕላስቲክ አካል ያለው መብራት በቡሎኑ በኩል ኔጋቲቭ ሊያገኝ ስለማይችል የራሱ መመለሻ ሽቦ ያስፈልገዋል። የዘወትሩና የፍሬኑ ብርሃን የማይለያዩበት መብራት ደግሞ ቢያምርም መልእክት የለውም፤ የኋለኛው ሾፌር ሞተረኛው መቆሙን በምን ይወቅ? በአንዳንድ አነስተኛ ሞተሮች ላይ መብራቱ ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከማግኔቶው ተለዋዋጭ ጅረት ያገኛል፤ በዚህ ላይ ለባትሪ የተሠራ ኤልኢዲ ቢገጠም ይርገበገባል፤ ተገላቢጦሹ ቮልቴጅም ሊያቃጥለው ይችላል። ፍሬቻውም ወደ ኤልኢዲ ከተቀየረ የድሮው ማብለጭለጫ ሪሌ በቂ ጅረት ስለማያገኝ ወይ ይቸኩላል ወይ ይቆማል፤ የኤሌክትሮኒክስ ሪሌ መተካት ይሻላል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ እምነት ላርም። ቀይ ብርሃን ጉምን ሰንጥቆ ያልፋል ይባላል። በጠራ አየር ውስጥ ቀይ ከሰማያዊ ያነሰ መበተኑ እውነት ነው። የጉም ጠብታዎች ግን መጠናቸው ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ሁሉንም ቀለም ከሞላ ጎደል እኩል ይበትናሉ። ከዚህም በላይ ጉም ብርሃንን የሚቀንሰው በየሜትሩ በእጥፋት ነው፤ ስለዚህ ኃይሉ አሥር እጥፍ የሆነ መብራት አሥር እጥፍ ርቀት አይታይም። ለጣርማ በር ጉም ብሎ ዓይን የሚያውር ብልጭልጭታ የሚገዛ ሰው የሚያተርፈው ጥቂት ሜትር ነው።

ሳይነገር የማይታለፈው ቫልቮላ ነው። በተቃጠለ ቫልቮላ ምትክ የሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት ወይም ወፍራም የመዳብ ክር የሚያስገቡ አሉ። ቫልቮላው የተቃጠለው አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ስለነካ ከሆነ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ ከቤንዚን ታንከሩ ሥር ነው። አምፖሎች በየሳምንቱ የሚቃጠሉ ከሆነም አምፖል ከመደርደር ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ሰጥቶ በባትሪው ላይ መለካት ይገባል፤ ከ14.5 ብዙም መብለጥ የለበትም። ከ15 ካለፈ ችግሩ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ነው። የአምፖል ዕድሜ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲጨምር ወደ ሲሶ ያህል ይወርዳልና።

ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ይህን ሲያነብቡ «ፊዚክስ ጋራዥ አይደለም» እንደሚሉ አውቃለሁ። ውጭ አገር በተማርኩበት ላቦራቶሪ ግን አንድ ነገር እንቢ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ለካህ?» የሚል ነበር፤ «ምን ቀየርህ?» አልነበረም። በእኛ ሰፈር ሁለተኛው ጥያቄ ብቻውን ቀርቷል፤ ይህም በመካኒኮቹ ስንፍና የመጣ አይመስለኝም። ብዙዎቹ በዓይንና በእጅ የሚያውቁትን እኛ በቀመር እንኳ በቅጡ አንገልጸውም። በሌላ ወገን የኦም ሕግን በቃሉ የሚወጣ፣ በፈተናም «ኤ» ያገኘ ተማሪያችን የአባቱ ሞተር የኋላ መብራት ለምን እንደ ደበዘዘ ቢጠየቅ አምፖል ይግዙ ነው የሚለው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪክና ማግኔቲዝም ላቦራቶሪ ውስጥ ከአዳዲሶቹ የተቃውሞ ሣጥኖች ጎን ከአሮጌ ሞተር የተነቀለ የሽቦ ጥቅል፣ ከዛገ ቡሎኑና ከናስትሮው ጋር፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጥ። ተማሪው የጠፋችውን ኦም ጭነት ባለበት ለክቶ ይፈልጋት። ለፈተናውም የከተማው መካኒኮች ይጋበዙ፤ ተማሪዎቹ ከእነርሱ ጋር ይወዳደሩ። መጀመሪያ ላይ ማን እንደሚያሸንፍ ጥርጥር የለኝም።