የታመመ ሕፃን ትንፋሽ ይቆጠር፤ የጤና ኬላው በር አይዘጋ

ገበሬ የበሬውን ሕመም ለማወቅ በሬው እስኪናገር አይጠብቅም። ማመንዠክ ሲተው፣ ጆሮው ሲወድቅ፣ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ሲል አይቶ መታመሙን ይረዳል። በዓይን ማየት፣ በእጅ መዳሰስ፣ አንዱን ምልክት ከሌላው ጋር ማገናዘብ ለገጠሩ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም ማለት ነው። የሚያሳዝነው ይህ አስተዋይነት ብዙ ጊዜ ከበረት አልፎ እቤት ውስጥ ወደተኛው ሕፃን አለመድረሱ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሕፃን ግን በሽታውን የሚደብቀው ወዶ ሳይሆን አፉን ስላልፈታ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ከሰውነቱ ላይ ማግኘት የአዋቂዎች ድርሻ ይሆናል።

የሳንባ ምች ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሳል ያለበት ሕፃን ሁሉ የሳንባ ምች ይዞታል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ጉንፋን ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ትንፋሹ ነው። ሳንባ ሲታመም የአየር ከረጢቶቹ በመግልና በፈሳሽ ስለሚሞሉ፣ ሕፃኑ የጎደለውን አየር ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ምርመራው ከሰዓት በስተቀር ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። ሕፃኑ ሳያለቅስና ጡት ሳይጠባ፣ በእናቱ ጭን ላይ ረጋ ብሎ ሳለ ልብሱ ይገለጣል፤ የደረቱና የሆዱ ከፍ ዝቅ ማለትም አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ከሆነ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። አየር ወደ ውስጥ ሲስብ የደረቱ የታችኛው ክፍል የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ይሁን እንጂ አንድ ምልክት ብቻውን በቂ አይደለም። ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ከጣቱ ደም ተወስዶ መመርመር አለበት፤ ሳንባ ምችና ወባ አብረው ሊይዙት ይችላሉና። ሁለቱም እግሮቹ በአውራ ጣት ተጫን ተደርገው ሲለቀቁ ጉድጓድ ከቀረባቸው፣ ያ ሕፃን ጎረቤት እንደሚለው «ወፍሮ» ሳይሆን በምግብ እጥረት አብጦ ነው። ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ሰውነቱን ያንዘፈዘፈው፣ ደንዝዞ የማይነቃ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ ይገባዋል። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ ከሚያለቅሰው ይልቅ ዝም ያለው ሕፃን የበለጠ ሊያሳስብ እንደሚገባ ነው።

ይህ ሳይደረግ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ ሕፃኑን ለመድማትና ለመመረዝ ያጋልጠዋል። ከሁሉም የከፋው ግን ለሕክምና የነበረውን ቀን መውሰዱ ነው። ሳይመረመሩ ከሱቅ እንክብል ገዝቶ መስጠትም የዚያው ወንድም ነው።

አንዳንድ መሪዎች «ምርመራ የሐኪም ሥራ ነው፤ ማኅበሩን ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። መድኃኒት ማዘዝ በእርግጥ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ነገር ግን የገበሬ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከተቋቋሙ በኋላ የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎችን ከመካከላቸው መርጠው ለሥልጠና ይልኩ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴት ባለሙያዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ በየቀበሌው መድቧል። ከ2002 ዓ.ም. ግድም ጀምሮም የሕፃናት የሳንባ ምች በጤና ኬላ እንዲታከም ተደርጓል። እውቀቱም መድኃኒቱም ወደ መንደር ወርዷል ማለት ነው።

ታዲያ እናት ልጇን አዝላ ዳገት ወጥታ ስትደርስ ኬላው ተዘግቶ ብታገኘው ይህ ሁሉ ምን ይፈይዳል? ባለሙያዋን ለስብሰባ፣ ለመዋጮ ሰብሳቢነት ወይም ለሌላ ዘመቻ የሚጠራት ብዙ ጊዜ የቀበሌው አመራር ራሱ ነው። መዋጮው ነገም ይሰበሰባል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ግን ነገን ላይጠብቅ ይችላል።

ስለሆነም ከማኅበር መሪዎች የሚጠበቁ ተግባራት አሉ። አንደኛ፣ ሁለቱ ባለሙያዎች በአንድ ቀን ከኬላው እንዳይወጡ ተራ ማውጣት። ሁለተኛ፣ በየወሩ ኬላውን እየጎበኙ የሚሠራ ሰዓት፣ የክንድ መለኪያ፣ የወባ መመርመሪያና መድኃኒት መኖራቸውን ማረጋገጥ፤ የጎደለውንም ከወረዳው መጠየቅ። ሦስተኛ፣ ለጸናበት ሕፃን ሌሊትም ቢሆን ተሸካሚ እንዳይጠፋ ቃሬዛና ተረኛ ወጣቶችን በየጎጡ ማዘጋጀት። አራተኛ፣ ከላይ የተዘረዘሩትን ምልክቶች በየስብሰባው፣ በተለይም አባቶች ባሉበት ማስረዳት፤ የማሳከሚያውን ገንዘብና የመንገዱን ነገር ብዙውን ጊዜ የሚወስነው አባት ነውና።

ለበሬው ጎን ዓይኑን የማይነፍግ ገበሬ ለልጁ ደረት አንድ ደቂቃ አያጣም። ያቺ ደቂቃ ፍሬ የምታፈራው ግን ልጁን የሚቀበል የተከፈተ በር ሲኖር ነው። የበሩ ኃላፊነት የመሪዎቹ ነው።