ያለ መዝገብ የሚሰጥ ኮከብነት

በኢትዮጵያ የእግር ኳስ የውድድር ዘመን በተጠናቀቀ ቁጥር «የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች» መሰየምና የዓመቱን ምርጦች ከአንደኛ ጀምሮ ቁልቁል መደርደር በሽልማት መድረክም፣ በመገናኛ ብዙኃንም፣ በደጋፊዎች ሙግትም ውስጥ ምክንያቱን ማንም የማይጠይቀው ልማድ ሆኗል። ሙግቱ ሁልጊዜ እገሌ ከእገሌ ይቀድማል ወይስ አይቀድምም በሚለው ላይ ሲሆን፣ ደረጃው ራሱ በምን ላይ እንደቆመ፣ ማለትም ማን ምን አይቶ፣ ምን መዝግቦ፣ በምን ስሌት እንደደረደረው መጠየቅ ግን የምቀኛ ነገር ተደርጎ ይታያል። ጉድለቱ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ ሲታይ ጎልቶ ይወጣል፤ የከተማዋ ቡድን ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባሉ ውድድሮች የሚጫወት በመሆኑ፣ ተጫዋቾቹ ተመዝነው በዝርዝሩ ግርጌ የተቀመጡ ሳይሆኑ ሚዛኑ ላይ ወጥተው የማያውቁ ናቸው። ያለ ጨዋታ መዝገብ የሚሰጥ ደረጃ የሚለካው የተጫዋቾችን መታየት እንጂ ብቃታቸውን ሊሆን አይችልም።

ለዚህ የ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር 29 ግቦች አስቆጥሮ የሊጉን የአንድ የውድድር ዘመን የግብ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋችም ተብሎ ተሸለመ። አቡበከር ያደረገው ነገር ታላቅ ነው፣ በቀጣዩ ዓመት በደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ መፈለጉም የታላቅነቱ ምስክር ነው፤ እዚህ የሚነሣው ትችት እርሱን ጨርሶ አይመለከትም። የሚመለከተው 29 የሚለው ቁጥር ከግብ አስቆጣሪነት ወደ ጠቅላላ ምርጥነት ያለ አንዳች ማስረጃ መሸጋገሩን ነው። በዚያው ዓመት ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው ፋሲል ከነማ ሲሆን ኢትዮጵያ ቡና ሁለተኛ ሆኗል። ሻምፒዮኑን ሻምፒዮን ካደረጉት መካከል እንደ ያሬድ ባዬ ያለ ተከላካይ ስንት ኳስ እንዳቋረጠ፣ ስንት ጊዜ በአየር ላይ ኳስ ተሻምቶ እንዳሸነፈ፣ ቡድኑ እርሱ ሜዳ ላይ በነበረባቸው ደቂቃዎች ስንት ግብ እንደተቆጠረበት የሚያሳይ፣ አንባቢ ገልጦ የሚያነበው ይፋ መዝገብ ግን የለም። አጥቂው ቁጥር አለው፤ ተከላካዩ ያለው ዝና ብቻ ነው። ቁጥር ያለውን ቁጥር ከሌለው ጋር አቁሞ የመጀመሪያው ይበልጣል ማለት ንጽጽር ሊባል አይገባውም።

የዓመቱ ውድድር ራሱም ሙሉ አልነበረም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ስላልተሳተፉ ሊጉ በ13 ክለቦች፣ እያንዳንዱም 24 ጨዋታ በማድረግ ተጠናቋል። እንደ ቀድሞው በየክለቡ ሜዳ መደረጉ ቀርቶም ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ተካሂደዋል፤ በዚህም ከሜዳ ውጭ የመጫወት ፈተና ከሞላ ጎደል ቀርቷል። ይህ ሁሉ የተቆጠሩትን ግቦች ዋጋ አያሳጣም፤ ነገር ግን «የዓመቱ ምርጥ» የሚለው ስም የዓመቱን እግር ኳስ በሙሉ የሚወክል እንዳልነበር ያስረዳል። በዓለም ላይ ከፍተኛውን የግለሰብ ሽልማት ባሎንዶርን፣ በአማርኛ የወርቅ ኳስ የሚባለውን፣ የሚሰጠው የፈረንሳዩ ፍራንስ ፉትቦል መጽሔት በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሊጎች እኩል ዕድል አላገኙም፣ አንዳንዶቹም ተቋርጠዋል በማለት ሽልማቱን ሳይሰጥ አልፏል። የመጽሔቱ ሽልማት ሌላ ብዙ እንከን ቢኖርበትም፣ መመዘኛው ሲጎድል ደረጃ አልሰጥም የማለት ድፍረቱ ለኢትዮጵያ የሽልማት ኮሚቴዎች ትምህርት ሊሆን በተገባ ነበር።

የደረጃ አወጣጡ ስሌት ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ ይህንን ችግር የሚያስተውሉት ጥቂቶች ናቸው። በድምፅ የሚሰጥ ደረጃ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እያንዳንዱ መራጭ ተጫዋቾችን በቅደም ተከተል ጽፎ፣ ለአንደኛው ብዙ፣ ለሁለተኛው ያነሰ፣ ለሦስተኛው ከዚያም ያነሰ ነጥብ እንዲሰጥ በማድረግ ነው። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በሽልማቱ ለአንደኛ 5፣ ለሁለተኛ 3፣ ለሦስተኛ 1 ነጥብ ሲሰጥ፣ ባሎንዶር ለተወሰኑ ዓመታት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት 6፣ 4 እና 3 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ዐሥራ አንድ መራጮች አሉ እንበል፤ ሰባቱ «ሀ» የተባለውን ተጫዋች አንደኛ፣ «ለ» የተባለውን ሁለተኛ ያደርጋሉ፤ አራቱ ደግሞ «ለ»ን አንደኛ አድርገው «ሀ»ን ሦስተኛ ያወርዱታል። በፊፋው ነጥብ «ለ» 41 ለ 39 ያሸንፋል፤ በባሎንዶሩ የቀድሞ ነጥብ ግን «ሀ» 54 ለ 52 ያሸንፋል። አንድም ጨዋታ አልተለወጠም፣ አንድም መራጭ ሐሳቡን አልቀየረም፤ የዓመቱ ኮከብ ግን ተለውጧል። ሽልማቱን የወሰነው አንድ ሰው በቢሮ ተቀምጦ የመረጠው የነጥብ ልክ ነው ማለት ነው፤ ያ የነጥብ ልክ በሀገር ውስጥ ሽልማት ላይ አስቀድሞ ካልታወጀና መራጮቹ በስማቸው የሰጡት ድምፅ ካልታተመ ደረጃውን መመርመር የሚችል ሰው አይኖርም።

መራጩ ማን ነው የሚለውም ውጤቱን ይለውጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. ባሎንዶር ከፊፋ ሽልማት ጋር ተዋሕዶ የብሔራዊ ቡድን አምበሎችና አሠልጣኞች ከጋዜጠኞች ጋር መምረጥ ሲጀምሩ፣ ያሸነፈው ሊዮኔል ሜሲ ነበር፤ የጋዜጠኞቹ ድምፅ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ግን ከኢንተር ሚላን ጋር ሦስት ዋንጫ ያነሣውና ከኔዘርላንድስ ጋር ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው ዌስሊ ስናይደር አንደኛ በሆነ ነበር። እርሱ ግን ከሦስቱ ዕጩዎች ውስጥ እንኳ አልገባም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በወንዶች ባሎንዶር የሚመርጡት በፊፋ ሠንጠረዥ እስከ 100ኛ ደረጃ ካሉ ሀገሮች የተመረጡ ጋዜጠኞች በመሆናቸው፣ ከዚያ በታች የምትገኘው ኢትዮጵያ የዓለምን ምርጥ በመምረጥ ድርሻ የላትም። በደብረ ማርቆስ የዲኤስቲቪ ቤቶች ውስጥ ሌሊቱን የሚሟገተው ወጣት የሚሟገትለት ደረጃ እርሱም ሆነ ሀገሩ ቃል ያልሰጡበት ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በተለያየ የሜዳ ክፍል የሚሠሩትን በአንድ መሰላል ላይ ማሰለፍ ነው። ባሎንዶር ከተጀመረበት ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሸነፈው ግብ ጠባቂ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በ1963 እ.ኤ.አ. የተሸለመው የሶቪየት ኅብረቱ ሌቭ ያሺን ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ በዓለም ላይ ከአጥቂዎች የሚበልጥ ግብ ጠባቂ አልታየም ብሎ የሚያምን የእግር ኳስ ሰው አይገኝም፤ የታየው ነገር መራጮች ግብን ከመከልከል ይልቅ ግብ ማግባትን በቀላሉ የሚያስታውሱ መሆናቸው ነው። በኢትዮጵያም ያው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ባነሣችበት ውድድር፣ የውድድሩ ኮከብ ሆኖ በትውልድ ሁሉ ልብ የቀረው መንግሥቱ ወርቁ ነው። ይገባዋልም፤ በውድድሩ 3 ግብ አግብቷል፣ የመጨረሻዋን የድል ግብ ያስቆጠረውም እርሱ ነው። ሆኖም ውድድሩ አራት ሀገሮች ብቻ የተሳተፉበት በመሆኑ ኢትዮጵያ ዋንጫ እስክታነሣ ያደረገችው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ከሁለት ጨዋታ ተነሥቶ ማን ከማን እንደሚበልጥ መወሰን እንደማይቻል ለማንም ግልጽ ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አማካይ ክፍሉን እንዴት እንደመራ፣ የኋላ መስመሩ ከግብፆች ጋር ለ120 ደቂቃ እንዴት እንደታገለ የሚተነትን ጽሑፍ ግን ስለ ግቦቹ ከሚነገረው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በሴቶች እግር ኳስም ከሁሉ በላይ የታወቀው ስም የአጥቂዋ የሎዛ አበራ መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

በዚህ ረገድ ጎጃም ከራሱ ቤት ሊማረው የሚችል የምዘና ወግ አለው። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎች የአካባቢው የቅኔ ቤቶች ተማሪ ያወጣውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር፣ መምህሩ የሚመረምረው የቀረበለትን ቅኔ ነው፤ ልኩን ጠብቋል ወይ፣ ቤቱ መትቷል ወይ፣ ሰሙና ወርቁ ተገናኝቷል ወይ ብሎ ያያል፣ የጎደለውንም ያርማል። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ስምንት ቤት ባለው መወድስ ልክ አይለካም፤ እያንዳንዱ የሚመዘነው በራሱ ሥርዓት ነው፣ ጉባኤ ቃናውም አጭር ስለሆነ ከመወድሱ ያንሳል አይባልም። ግብ ጠባቂን በግብ ጠባቂነት፣ የመስመር ተከላካይን በመስመር ተከላካይነት መመዘን ማለት ይኸው ነው፤ ይህንን ወግ ለዘመናት ያቆየ ሕዝብ እንደ ባሎንዶር ከአውሮፓ መጽሔት የተቀዳ የሠላሳ ዕጩዎች ሰልፍ ሲቀርብለት እንደ ብቸኛ የምዘና መንገድ መቀበሉ ያሳዝናል።

ልማዱ በታችኛው እርከን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። የክለብ አመራሮች ለዝውውር ተጫዋች ሲፈልጉ በእጃቸው ያለው መረጃ ግብና ዝና ብቻ ከሆነ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከእንጅባራ የሚወጣ የተከላካይ አማካይ፣ ማለትም ከተከላካዮች ፊት ቆሞ የተቃራኒን ጥቃት የሚሰብረው ተጫዋች፣ የሚታወቅበት መንገድ የለውም፤ አንድ አሠልጣኝ በአጋጣሚ አይቶት ካልተናገረለት በስተቀር እዚያው ይቀራል። በቴሌቪዥን የሚታየው ፕሪሚየር ሊግ የራሱን ኮከቦች ሲያነግሥ፣ የታችኛው ሊግ ተጫዋች የዓመት ድካሙን የሚያሳይ አንድ ገጽ እንኳ ይዞ መሄድ አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ጉዞንና ውድድርን ባወከበት ጊዜ ደግሞ ችግሩ ተባብሷል፤ ያልተሟላ ዓመት ያሳለፈ ወጣት ቢያንስ የተጫወተባቸው ደቂቃዎች ተቆጥረው ቢቀመጡለት በሚቀጥለው ዓመት የሚያሳየው ነገር በኖረው ነበር።

ለደረጃው የሚቀርበው መከላከያ ደረጃ ውድድርን ያነሣሣል፣ ደጋፊን ያዝናናል፣ ወጣቱን ያበረታታል የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን የኮከብ ግብ አስቆጣሪ ሽልማት ይህንን ሁሉ ያለ ሐሰት ያደርጋል፤ አንድ ነገር ቆጥሮ ያንን የቆጠረውን ብቻ ስለሚሸልም ማንም አይታለልበትም። ወጣቱን ያበረታታል የተባለውም ቢሆን የሚያበረታታው አጥቂ መሆን የሚፈልገውን ነው፤ ለግብ ጠባቂነት ወይም ለተከላካይነት የተፈጠረው ልጅ ከዚህ ዝርዝር የሚማረው ቦታውን እንዲለቅ ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሰጠው አንድ ዕድል ሳይጠቀስ አይታለፍም። ባሎንዶር እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ከጥር እስከ ታኅሣሥ ያለውን የአውሮፓ ዓመት ይከተል ስለነበር፣ የአንዱን የውድድር ዘመን ጅራትና የሌላውን ራስ ቀጥሎ ይመዝን ነበር፤ የውድድር ዘመንን መከተል የጀመረው ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ ሊግ ግን በልማድ ከክረምት በኋላ ጀምሮ ቀጣዩ ክረምት ሲገባ ስለሚያልቅ፣ የውድድር ዘመኑና የሀገሪቱ ዓመት ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። የአንድን ዓመት እግር ኳስ መዝግቦ በመስከረም ለሕዝብ ማቅረብ ለኢትዮጵያ ከብዙዎች ይልቅ ይቀላታል።

ስለዚህ «ኮከብ ተጫዋች» የሚባለው ጠቅላላ ሽልማት የጨዋታ መዝገብ ይፋ እስኪሆን ድረስ ባዶ ሊተው ይገባል፤ የግብ አስቆጣሪውና በየቦታው የሚሰጠው ሽልማት፣ የመራጮቹ ስምና ድምፅ ታትሞ፣ ይቀጥል። መዝገቡን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ዳኛው ከጨዋታ በኋላ በሚሞላው ቅጽ ላይ የመጀመሪያ ተሰላፊዎች፣ ቅያሪው የተደረገበት ደቂቃ፣ ግብ ያስቆጠረውና ካርድ ያየው ተጫዋች ይጻፋል፤ ፌዴሬሽኑም ሆነ የክልሉና የዞኑ ጽሕፈት ቤቶች ይህንኑ ቅጽ ሳያጎድሉ በየሳምንቱ ቢያወጡት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የተጫወተው ደቂቃ፣ እርሱ ሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ያገባውና የተቆጠረበት ግብ ከፕሪሚየር ሊጉ እስከ ታችኛው ምድብ ድረስ በአንድ ዓመት ውስጥ ይታወቃል። ግብ ጠባቂው ያዳናቸውንና ተከላካዩ ያቋረጣቸውን ኳሶች ለመቁጠር ደግሞ በየሜዳው እርሳስና ወረቀት የያዘ አንድ የሠለጠነ ታዛቢ ይበቃል፤ በደብረ ማርቆስ ሜዳ ዙሪያ ቆመው ጨዋታ ከሚከታተሉት የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችና የቀድሞ ተጫዋቾች መካከል ይህንን ሥራ የሚችል ሰው አይጠፋም።