ከቀብዱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት

ለአንድ ካፌ ሎጎ የሚሠራ ፍሪላንሰር ዲዛይነር ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያገኘው በቴሌግራም በምትመጣ አጭር መልእክት ነው፦ “ቆንጆ አድርገህ ሥራልኝ፣ በዋጋው አንጣላም።” ዋጋው በስልክ ይቆረጣል፣ ግማሹ በቴሌብር ይገባል። የመጀመሪያው ንድፍ ሲላክ ቀለሙ ይቀየር ይባላል። ከዚያ ጽሑፉ ይተልቅ፣ ከዚያ የካፌው ባለቤት ሚስት አልወደዱትም፣ ከዚያ ደግሞ የበፊቱ ይሻል ነበር። በመሐል ሜኑውና የበሩ ታፔላ “አብሮ” ይታዘዛል። ቀሪው ክፍያ ሲጠየቅ “ሥራው መቼ አለቀና?” የሚል መልስ ይመጣል። ምናልባት ከሁለቱ ማንም አልዋሸም። ሥራው አለቀ የሚባለው መቼ እንደሆነ አስቀድመው ስላልተነጋገሩ ግን ይህን የመወሰን ሥልጣን ገንዘቡ በእጁ ላለው ሰው ሆነ። ሰዎች ሳይጽፉ የተዉትን ነገር ምንጊዜም የሚሞላው አንድ ኃይል አለ፤ አንዳንዴ ሕጉ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከፋዩ። በእጁ ሙያ የሚያድር ሰው ይህን ክፍት ቦታ ራሱ ቀድሞ መሙላት አለበት ብዬ አምናለሁ።

“ያልተጻፈ ውል ውል አይደለም” የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጽሑፍ ይሁን ተብሎ በተለይ ካልታዘዘ በቀር፣ በቃል የተደረገ ስምምነትንም ይቀበላል። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው፤ ያልተነገረውንም ነገር ሕጉ በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። ቀብድን እንውሰድ። በዚሁ ሕግ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በጥር ለአንድ ቅዳሜ ሠርግ ቀብድ ተቀብሎ የተሻለ ከፋይ ሲመጣ “ገንዘባችሁን እመልሳለሁ” የሚል ቪዲዮ ቀራጭ፣ የሚጠበቅበት የተቀበለውን ያህል መመለስ ብቻ እየመሰለው ነው። የተቀበለው ቀብድ ይሁን የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ በአንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ ሙሽሮቹም እሱም የሚደርስባቸውን ያውቁ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው የባለቤትነት ጉዳይ ነው፤ እኔንም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሚያደላው ወደ አዛዡ ነው። ለአንድ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል የምትሥል ወጣት፣ ሥዕሎቿ ነገ በደብተር ሽፋን፣ በቲሸርት፣ በቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ሲወጡ “ይህ እኮ ከመጽሐፉ ውጪ ነው” ብላ መከራከር የምትችለው አስቀድማ ካስጻፈች ነው። “ሥዕሎቹ ለዚህ መጽሐፍ ለአንድ እትም ብቻ ያገለግላሉ፤ ለሌላ ጥቅም ሲፈለጉ በተለየ ስምምነት ይሆናል” የምትል ዐረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ብትይዝ ነው። ለሠዓሊዋ ግን የዓመታት ገቢ ልትሆን ትችላለች።

በሰፊው የሚነሳው ተቃውሞ ውል አምጣ ማለት አላምንህም ማለት ነው የሚለው ነው። ስሜቱን አከብራለሁ፤ አብዛኛው ሥራ የሚገኘው በትውውቅ ነው፣ የአጎትን ልጅ ፈርም ማለት ይከብዳል። ግን እስቲ እድራችንን እንመልከት። አብሮ የሚያለቅስ፣ አብሮ የሚቀብር ጎረቤት ተሰብስቦ መተዳደሪያ ደንብ ያጸድቃል፤ ለቀረ መቀጫ፣ ላልከፈለ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ያስቀምጣል። እቁብተኛም ገና በመጀመሪያው ዙር የደረሰውን ወዳጁን ዋስ ጥራ ይለዋል፤ በዚህ የሚቀየም የለም። መዋዋል ከባህላችን ውጪ የመጣ ነገር ሳይሆን ከፎቶና ከዲዛይን ሥራ ብቻ የራቀ ነው፤ ምናልባትም ሥራውን ራሱን እንደ ሥራ ስላልቆጠርነው።

ደንበኛው ወረቀት ሲያይ ይሸሻል የሚለው ደግሞ በከፊል እውነት ነው። የሚሸሽ ይኖራል። ሆኖም “ሁለት አማራጭ ንድፍ ይቀርባል፤ በተመረጠው ላይ ሁለት ጊዜ ማስተካከያ ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ተጨማሪ ይከፈላል፤ ሥራው ከተላከ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ አስተያየት ካልተሰጠ እንደተረከቡት ይቆጠራል” የሚል ቃል ለደንበኛውም ዋስትና ነው፤ ምን እንደሚረከብና መቼ እንደሚረከብ ያውቅበታል። ዋጋም እንዲሁ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የኅትመት ሥራ በቁርጥ ዋጋ ተቀብሎ ወረቀትና ቀለም ገና ያልገዛ ትንሽ ድርጅት ያለው ምርጫ መክሰር ወይም ቃሉን ማጠፍ ነበር። የሰጠው ዋጋ የሚጸናው እስከ መቼ እንደሆነ ያስጻፈ ግን ከደንበኛው ጋር በሰላም የሚነጋገርበት መነሻ ነበረው።

ፍርድ ቤቱስ? ለ15,000 ብር ቀሪ ክፍያ ማን ወራት ይመላለሳል? እውነት ነው፣ አብዛኛው አይከስም። እኔም ውል የምመክረው ለክስ ብዬ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ሳይጣሉ፣ ገና ሲሳሳቁ፣ የሚያጣላቸውን ጥያቄ እንዲያነሱ ስለሚያስገድዳቸው ነው። ነገሩ በሽማግሌ ቢታይ እንኳ ሽማግሌው አንብቦ የሚፈርድበት ነገር ያገኛል። ይህን ለማድረግ ጠበቃና ማኅተም የግድ አይደሉም፤ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይነፈገው ስለደነገገ፣ ዝርዝሩን በቴሌግራም ጽፎ “ተስማምቻለሁ” የሚል መልስ ተቀብሎ ማስቀመጥም ከባዶ እጅ ይሻላል። የሠዓሊያን፣ የፎቶግራፍና የፊልም ባለሙያዎች ማኅበራት ደግሞ በዚህ ዓመት አንድ ሥራ ቢሠሩልን፦ በአማርኛ የተጻፈ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ፣ የማስተካከያው ብዛት፣ የክፍያው ጊዜና የቅጂ መብቱ ባለቤት የሚሞሉባቸው ክፍት ቦታዎች ያሉት ናሙና ውል አዘጋጅተው ለአባሎቻቸውም አባል ላልሆነውም በነፃ ያድሉ።